ሞናርክ ቢራቢሮና የምንኖርበት ከተማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ ውስጥ መስከረም ሲጠባ ሁለት ነገሮች አብረው ይመጣሉ። አንዱ እንቁጣጣሽ ነው። ሌላው ብርቱካናማ ክንፉ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት ቢራቢሮ ነው። ወደ ሜክሲኮ ሲሄድ መንገድ ላይ ግቢያችን አረፍ ይላል። ስለዚህ ቢራቢሮ ጎረቤቶቼ፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼና የሥራ ባልደረቦቼ በየዓመቱ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሞናርክ ከሌላው ቢራቢሮ በምን ይለያል?

በመንገዱ ይለያል። ከደቡብ ካናዳና ከአሜሪካ ምሥራቅ ተነስቶ እስከ 4,800 ኪሎ ሜትር ይበርራል። የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው በማዕከላዊ ሜክሲኮ ተራሮች ላይ ነው፤ ኦያሜል በሚባል የጥድ ዘመድ ደን ውስጥ። ክብደቱ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ሦስት አራት የተቆላ ቡና ፍሬ ያህል ማለት ነው።

በሰመር የሚወለዱት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ኖረው ያልፋሉ። በመጨረሻ የሚወለደው ትውልድ ግን እስከ ስምንት ወር ይቆያል። ሜክሲኮ ደርሶ፣ ብርዱን አሳልፎ፣ በማርች ወደ ቴክሳስ ተመልሶ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ጉዞውን ወደ ሰሜን የሚቀጥሉት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ መስከረም ላይ ግቢዬ ያረፈው ቢራቢሮ ሜክሲኮን አይቶ አያውቅም። የሄዱት ቅድመ አያቶቹ ናቸው። ግን መንገዱን ማንም ሳያሳየው እዚያው ተራራ ላይ ይደርሳል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እገረማለሁ።

ሳይንቲስቶች ማረፊያውን ያገኙት በ1975 ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ድሮም ያውቁት ነበር። ቢራቢሮዎቹ የሚደርሱት በኖቬምበር መጀመሪያ፣ የሙታን ቀን ሲከበር ነው። የሞቱ ዘመዶቻችን ነፍስ ሊጠይቀን መጣ ብለው የሚያምኑ አሉ።

እውነት እየጠፋ ነው?

ቁጥሩ ያሳዝናል። ሜክሲኮ ውስጥ አንድ በአንድ አይቆጠሩም። ዛፉ ላይ እንደ ቅጠል ተደራርበው ስለሚንጠለጠሉ፣ የያዙት ደን በሄክታር ይለካል። በ1996/97 የብርድ ወራት 18 ሄክታር ገደማ ነበር። በ2013/14 ወደ 0.67 ሄክታር ወረደ። ይህ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ እንኳ አይሞላም። በ2023/24 ወደ 0.9 ሄክታር ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ትንሽ አገግሞ 1.79 ደረሰ።

ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር የሚከርሙት ሌሎች ናቸው። በ1980ዎቹ ሚሊዮኖች እንደነበሩ ይገመታል። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ሁለት ሺህ እንኳ አልሞሉም። በቀጣዮቹ ዓመታት ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሆኑና ሰው ተስፋ አደረገ፤ በ2024 ግን የተቆጠሩት 9,119 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት፣ ሞናርክ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ዝርያዎች ተርታ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረበ።

ታዲያ ይህ የፌዴራል መንግሥት ሥራ አይደለም? ከንቲባን ምን አገባው?

አብዝተው የሚጠይቁኝ ይህን ነው። የነገሩ ሥርም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የሞናርክ አባጨጓሬ የሚበላው አንድ ዓይነት ተክል ብቻ ነው፤ ሚልክዊድ። ይህ ተክል ድሮ በአዮዋና በኢሊኖይ በበቆሎው መስመር መሀል ሳይቀር ይበቅል ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ፀረ አረም የማይገድለው በቆሎና አኩሪ አተር መጣ። ገበሬው እርሻውን በሙሉ ሲረጭ ሰብሉ ተረፈ፣ ሚልክዊዱ አለቀ።

እርሻው ላይ ካለቀ የት ቀረ? መንገድ ዳር። ፓርክ ውስጥ። የትምህርት ቤት ግቢ ጥግ። መቃብር ቦታ። የኤሌክትሪክ መስመር ሥር። የጎርፍ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ዙሪያ። አሁን ልብ በሉ፤ የዚህ መሬት ብዙው የማን ነው? የከተማው ወይም የካውንቲው ነው። ሳሩን የሚያጭደው የከተማው ማሽን ነው። ማሽኑ መቼ እንደሚወጣ የሚወስነውም አንድ ቢሮ ውስጥ የተሰቀለ የሥራ መርሐ ግብር ነው። ማጨጃው ጁላይ ላይ ካለፈ እንቁላሉም አባጨጓሬውም አብሮ ይታጨዳል። ሥራው ወደ መከር መጨረሻ ቢገፋ ግን ይተርፋሉ። ከተማው ደግሞ ለነዳጅና ለሠራተኛ የሚያወጣው ገንዘብ ይቀንሳል። ይህን ቀን ለመለወጥ ኮንግረስ መግባት አያስፈልግም። የመናፈሻ ክፍሉን ኃላፊ ማሳመን ይበቃል።

የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት፣ የምሥራቁ ሞናርክ ከሚያስፈልገው ሚልክዊድ ውስጥ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ከተሞች ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ገምተዋል። ስለ ከተማ ሲወራ ኮንክሪት ብቻ ለሚታየን ሰዎች ይህ ትልቅ ዜና ነው።

እስካሁን ምን የሠራ ከተማ አለ?

በ2014 የሴንት ሉዊስ ከንቲባ ፍራንሲስ ስሌይ አንድ ዘመቻ ጀመሩ። ከተማዋ የተቆረቆረችበትን 250ኛ ዓመት እያከበረች ነበር። አስተዳደሩ በራሱ መሬት 50 የሚልክዊድ አትክልት ቦታ ሊያዘጋጅ ቃል ገባ። ነዋሪው ደግሞ 200 እንዲጨምርና 250 እንዲሞላ ተጠየቀ። ዘዴው ይገርመኛል። አስተዳደሩ መጀመሪያ የራሱን ድርሻ አስቀመጠ፤ ሕዝቡን የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ብሔራዊ የዱር እንስሳት ፌዴሬሽን የሚያስተባብረው የከንቲባዎች የሞናርክ ቃል ኪዳን የሚባል ነገርም አለ። ከንቲባው ከረጅም ዝርዝር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ተግባር መርጦ ይፈርማል። የማጨጃ ቀን መለወጥ፣ በፓርክ ሚልክዊድ መትከል፣ የሳር ደንብ ማሻሻል ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ሳን አንቶኒዮ በ2015 የዝርዝሩን 24 ተግባራት በሙሉ ለመፈጸም የፈረመች የመጀመሪያዋ ከተማ ሆነች። ምክንያት አላት፤ ቢራቢሮዎቹ ሲሄዱም ሲመለሱም በቴክሳስ ያልፋሉ። የእናንተም ከተማ ፈርማ ከሆነ በፊርማው ብቻ አትርኩ። የትኞቹን መረጣችሁ? የት ተተከለ? ዘንድሮ ማን ተንከባከበው? ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉም የምወደው ግን የካሊፎርኒያዋ ትንሽ ከተማ የፓሲፊክ ግሮቭ ታሪክ ነው። ቢራቢሮ የሚያስቸግር ሰው እንዲቀጣ ደንብ ያወጣችው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1990 ደግሞ ቢራቢሮዎቹ የሚከርሙበት መሬት ቤት ሊሠራበት ሲል ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ፣ በራሱ ግብር ከተማዋ እንድትገዛው አደረገ።

መንገድ ላይም ሥራ አለ። በ2016 ስድስት ስቴቶች፣ ቴክሳስ፣ ኦክላሆማ፣ ካንሳስ፣ ሚዙሪ፣ አዮዋና ሚኒሶታ፣ የአይ-35 አውራ ጎዳና ዳርቻ ለሞናርክ የሚመች እንዲሆን ተስማምተዋል። ከዳላስ ወደ ሚኒያፖሊስ ዘመድ ጥየቃ የሚነዳ ሰው የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ሚልክዊድ ምን ዓይነት ተክል ነው? እኛ አገር አለ?

ቅጠሉን ስትቀነጥሱት ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክል ነው። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። እኛ አገር ቆላ ላይ የሚበቅለውን ጦቢያ የምታውቁ የቅርብ ዘመዱን ታውቃላችሁ ማለት ነው። ጦቢያን የሚበላ አባጨጓሬም አለ። አድጎ የሚሆነው ቢራቢሮ ብርቱካናማ ነው፤ የሞናርክ የአጎት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ልጅ ሆናችሁ ያባረራችሁት ሊሆን ይችላል።

ለእኛ ለሜሪላንድ፣ ለቨርጂኒያና ለዲሲ ሰዎች ሦስት ዓይነት ይመቸናል። ተራው ሚልክዊድ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ በሥሩ ይዛመታል። ረግረግ ወዳዱ ሮዝ አበባ ያወጣል፤ ውሃ የሚቋጥር ግቢ ይስማማዋል። ብርቱካናማ አበባ ያለው አጭሩ ደግሞ ደረቅና ፀሐይ የሚበዛበት ቦታ ይወዳል።

ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ካሊፎርኒያ ላላችሁ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መደብሮች በብዛት የሚሸጡት ቀይና ቢጫ አበባ ያለው የሐሩር አገር ሚልክዊድ በናንተ አካባቢ በብርድ ወራት አይደርቅም። ቅጠሉ ላይ ጥገኛ ተሕዋስ ይጠራቀምና ቢራቢሮውን ያሳምማል፤ ጉዞውንም ሊያስተወው ይችላል። የአካባቢያችሁን ዝርያ ፈልጉ። እሱ ካልተገኘና የሐሩር አገሩ ተተክሎ ከሆነ፣ ከኦክቶበር ጀምሮ እየቆረጣችሁ አጭር አድርጉት።

ግቢዬን እንዲህ ባደርገው አልቀጣም?

ፍርሃቱ ይገባኛል። ብዙ ከተሞች ሳር ከ8፣ ከ10 ወይም ከ12 ኢንች በላይ እንዳይረዝም ደንብ አላቸው። እኔም አንድ ሰሞን ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ሚልክዊዱ ደረቴ ደርሶ ነበር። አላፊ አግዳሚው አረም መስሎት ነው መሰለኝ፣ አንድ ሰው ደውሏል። ደብዳቤውን ሳነብ ሆዴ ቦጭ አለ። በማግሥቱ ፎቶና የተክሎቹን ስም ይዤ ሄድኩ። ከእግረኛው መንገድ አጠገብ ያለውን አንድ ሜትር ያህል አሳጠርኩ። ዳር ዳሩን በድንጋይ ከብቤ "የቢራቢሮ አትክልት" የሚል ትንሽ ሰሌዳ ተከልኩ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም። ሰው የሚፈራው ቸል የተባለ ግቢ ነው። ታስቦበት የተተከለ መሆኑ ከታየ ብዙውን ጊዜ አይናገርም።

ሕጉም እየተለወጠ ነው። ሚኒሶታ በ2023 ያወጣችው ሕግ፣ ከተሞች ታቅዶ የተተከለና እንክብካቤ ያለው የተፈጥሮ አትክልት ከ8 ኢንች ቢረዝምም እንዲፈቅዱ ያስገድዳል። ዝም ብሎ የተተወ ሳርን ግን አይጨምርም። ይህ ልዩነት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሜሪላንድ ደግሞ በ2021 ኤችኦኤዎች፣ ማለትም የቤት ባለቤቶች ማኅበራት፣ እንዲህ ያለውን አትክልት ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክሉ ሕግ አውጥታለች። መነሻው በሃዋርድ ካውንቲ አንድ ባልና ሚስት ከማኅበራቸው ጋር ለዓመታት ያደረጉት ክርክር ነው። የእናንተ ኤችኦኤ ደብዳቤ ከላከ ይህን ሕግ ጠቅሳችሁ መልሱ።

ገንዘብ የሚያግዙም አሉ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ሬይንስኬፕስ በሚባል ፕሮግራም የዝናብ ውሃ የሚይዝ አትክልት ለሚሠራ ሰው ከወጪው የተወሰነውን ይመልሳል። ሚኒሶታ ሎውንስ ቱ ሌጉምስ የሚባል አላት፤ ሳሩን ወደ አበባ ለሚቀይር ነዋሪ ከወጪው የተወሰነውን ይሸፍናል። ሁለቱም ጋ መጀመሪያ ማመልከትና መፈቀድ አለበት፤ ደረሰኝ ይዞ በኋላ መሄድ አይሠራም።

ማጨዱን ለአንድ ወር ብተው አይበቃም?

ሜይ ወር ሳር አለማጨድ የሚል ዘመቻ አለ። ከእንግሊዝ ነው የመጣው፤ በ2020 የዊስኮንሲኗ አፕልተን ተቀበለችው። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን የግቢ ሳር ውስጥ ሚልክዊድ ከሌለ ሳሩን ስላሳደጋችሁት ሚልክዊድ አይሆንም። እኔ ብሆን ከግቢው አንዱን ጥግ ለይቼ ለዘለቄታው አበባ እተክልበታለሁ።

ትንኝና ጉንዳን ሲያስቸግረኝ ፀረ ተባይ ብረጭስ?

ይህ ላይ ልለምናችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ትልቅ መደብር ሦስት ሚልክዊድ ገዛሁ። ያማሩ ነበሩ። በሳምንቱ ሰባት አባጨጓሬ ቆጠርኩ፤ ልጆቼ ስም አወጡላቸው። ከዚያ በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉም ሞተው ተገኙ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ለሽያጭ የሚያድጉ አበቦች ላይ የሚደረግ፣ ኒኦኒኮቲኖይድ የሚባል ፀረ ተባይ መድኃኒት አለ፤ ተክሉ በሥሩ ይጠጣውና ቅጠሉ ውስጥ ወራት ይቆያል። አሁን ስገዛ "ኒኦኒኮቲኖይድ ተደርጎበታል?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሻጩ ካላወቀ አልገዛም።

በዚህ ረገድ የአካባቢ መንግሥት ሥልጣን አለው። ታኮማ ፓርክ በ2013፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ በ2015 ለሣር ውበት ብቻ የሚረጩ ኬሚካሎችን በግል ግቢም ጭምር የሚከለክል ሕግ አወጡ። የካውንቲው ሕግ ክርክር ተነሥቶበት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2019 ይግባኝ ሰሚው ለካውንቲው ፈረደ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ሣር የሚንከባከብላችሁን ድርጅት ስለዚህ ሕግ ጠይቁት። ለትንኝ ደግሞ መጀመሪያ የቆመ ውሃ ድፉ፤ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለውን ሳህን፣ የተዘጋ አሸንዳ፣ የልጆች ባልዲ።

ንብ ባረባ አይሻልም? እኛ የማር አገር ሰዎች ነን።

የማር ነገር ሲነሳ የእኛ ሰው ልቡ ይሞቃል፤ የእኔም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት። ነገር ግን የማር ንብ እዚህ የመጣችው ከአውሮፓ ሰፋሪዎች ጋር ነው። ሰሜን አሜሪካ የራሷ 4,000 ገደማ የንብ ዝርያ አላት፤ አብዛኞቹ መሬት ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ማር የማይሰጡ ናቸው። የተቸገሩት እነዚያ ናቸው። ቀፎ መጨመር ያለውን ጥቂት አበባ ይሻማባቸዋል። አበባ ብትተክሉ ግን ለሁሉም ይተርፋል።

የምኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?

ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ካለ አንድ ጥልቅ ማሰሮ ይበቃል። ከሌለ ደግሞ ድምፃችሁ አለ፤ ከታች ያለውን ተመልከቱ።

ቤተ ክርስቲያናችን ሰፊ ግቢ አላት። ብንጠይቅ ይሰሙናል?

ይህን ጥያቄ ያመጡት አንዲት እናት ናቸው። በጣም ደስ አለኝ። እኛ እኮ አፀድ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ደቡብ ጎንደር ላይ ከአየር ብታዩት ዙሪያው ታርሶ፣ ደን የቀረው አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ነው። አባቶቻችን ዛፉን የጠበቁት ከቅድስናው ጋር አያይዘው ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ሕንፃ ገዝተን ስንገባ የወረስነው ፓርኪንግና የተላጨ ሳር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ለማጨጃ እንከፍላለን።

ለሰበካ ጉባኤው ስታቀርቡ ትንሽ ጠይቁ። ከአጥሩ ዳር አንድ ቁራጭ መሬት፣ ለሁለት ዓመት ሙከራ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይንከባከቡት። ለጽጌ ጾም የሚደርስ ቢጫና ሐምራዊ አበባ ይኑርበት፤ ጎልደንሮድና አስተር ያን ጊዜ ያብባሉ። የአደይ አበባ የቅርብ ዘመዶችም እዚህ በተፈጥሮ አሉ። ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ ረግረግ ዳር ቢጫ ሆነው ይታያሉ። ሞናርኩ ለጉዞው ስብ የሚያጠራቅመው ከእነዚህ የመስከረም አበቦች ነው። መስጊድ ላላችሁም ያው ነው፤ ግቢው ሰፊ ከሆነ አንድ ጥግ ይበቃል።

እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደለም። ለከተማው እንዴት ልናገር?

ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ፣ 311፣ ደውሉና "አማርኛ" በሉ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ከታቀፉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲም አስተርጓሚ ያገናኛል። መብታችሁ ነው፤ አትፈሩ።

ስትደውሉ "ቢራቢሮ አድኑ" አትበሉ። ቦታውን ለይታችሁ ንገሩ። "እዚህ መንገድ ዳር፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ጀርባ ሚልክዊድ አለ። እስከ ኖቬምበር እንዳይታጨድ ማድረግ ትችላላችሁ?" በሉ። ፎቶ ላኩ። የተሰጣችሁን የጥያቄ ቁጥር ጻፉና በሁለት ሳምንቱ መልሳችሁ ደውሉ። የምክር ቤቱ የበጀት ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ተመዝግቦ ሁለት ሦስት ደቂቃ መናገር ይቻላል። ሦስት ጎረቤታሞች አንድ ላይ ከሄዳችሁ የምክር ቤት አባሉ ይጽፈዋል። አዳራሹ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

ለልጆች አደጋ የለውም?

ወተቱ መርዝ ነው። ቅንጭብ እንደምትጠነቀቁት ተጠንቀቁ፤ በተለይ ዓይን እንዳይነካ። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ እጅ ታጠቡ። መጫወቻ ሜዳ መሀል አትትከሉት። ሞናርኩ ግን ይህንኑ መርዝ በልቶ ነው ራሱን ከወፍ የሚጠብቀው።

መቼ ልዝራ?

ኖቬምበር ላይ። ዘሩ ብርድ ካላገኘ አይበቅልም። መሬቱን ጫር ጫር አድርጋችሁ ከላይ በትኑት፣ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉትና ተዉት። ኖቬምበር ካመለጣችሁ ዘሩን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ወር አቆዩና በስፕሪንግ ዝሩ። በመጀመሪያው ዓመት ሥር ነው የሚሰደው፤ ከላይ ብዙ አይታይም። የእኔው ጣት ሳታህል ቀረች። የሞተች መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አበበች። በዚያው ጁላይ ቅጠሏን ገልብጬ ሳይ፣ የመርፌ ራስ የምታህል ነጭ እንቁላል ተለጥፋ ነበር።